ጋሽ ሰይድ ያልማሉት መሐላ

ባለፈው ጥቅምት ደሴ ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪናዬን ዘይት ላስቀይር ቆሜ ነበር። መካኒኩ ከሥር ያለውን መክፈቻ ፈትቶ ጥቁሩን ዘይት ወደ ተቆረጠ በርሜል ሲለቀው ሽታው አፍንጫዬ ላይ ደረሰና የመኪናዬን በር ይዤ ቁጢጥ አልኩ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ ማንም የሚያውቀው ሽታ። ልጁ ደንግጦ «እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው ብዬ ዋሸሁት። ዘይት ፊት ቆሞ መዋሸት ለእኔ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያውን የዋሸሁት በአሥር ዓመቴ፣ ላሊበላ፣ በአባቴ ግቢ ውስጥ ነው።

አባዬ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ድሮ ሰማያዊ እንደነበረች እናቴ ትመሰክራለች፤ እኔ የማውቃት ግን አቧራ መልክ ሆና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ከኩልመስክና ከገነተ ማርያም ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና ሰው ጭና ትገባለች፤ በሌላው ቀን አሸዋም ይሁን ሙሽራ የተገኘውን ትጭናለች። አባዬ፣ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንበላው ከእሷ ነበር። በተለይ ገና ሲቃረብ፣ ምእመናን ከየአገሩ ወደ ላሊበላ ሲጎርፉ፣ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት የምታገኘው ለዓመት ቀለብና ለእኛ ደብተር ይበቃ ነበር።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ኅዳር ሲገባ፣ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት መንጫጫት ጀመረች። ሞተሩ ሲነሳ ከፊት በኩል ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚያንገጫግጩት ዓይነት ድምፅ ያወጣል፤ ትንሽ ሲሞቅ ይተዋል። አባዬ አልሰማሁም ለማለት ቴፑን ከፍ ያደርገው ነበር። በኋላ የኩልመስክን ዳገት አልወጣም ብላ ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ ግን ነገሩ በቴፕ የሚሸፈን አልሆነም። ስልክ ቤት ሄዶ ወልድያ ላሉት መካኒክ፣ ለጋሽ ሰይድ ደወለ። አብሬው ነበርኩ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ እየሰማ አባዬ በስልኩ ውስጥ «ክርርር፣ ክርክርክርር» እያለ የሞተሩን ድምፅ ሲያሰማ፣ በሐፍረት አግዳሚ ወንበሩ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ሰይድ ግን በዚያው ገባቸው። የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል አንድ ላይ የሚያዞረው ሰንሰለት፣ እነሱ ታይሚንግ ካቴና የሚሉት፣ አልቋል አሉት። አዲስ ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እንዳታስነሳት ብለው ዘጉ።

ጋሽ ሰይድ ለአባዬ መካኒክ ብቻ አልነበሩም። አባዬ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ ሾፌሩ እሳቸው ነበሩ። መሪ ያስያዙት እሳቸው፣ አፋር በረሃ ላይ ወባ ሲጥለው ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱት እሳቸው፣ እናቴን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክም ከሽማግሎቹ አንዱ እሳቸው። ለአረፋ እኛ ወልድያ እንወርዳለን፤ ለፋሲካ እነሱ ወደ እኛ ይወጣሉ። ያኔ እናቴ ዶሮውን ከነነፍሱ ታስረክባቸዋለች፤ ራሳቸው ባርከው ያርዱና ለእነሱ ብቻ በተቀመጠው ድስት ይሠራል። በዚያ ኅዳር ግን የገና ጾም ገብቶ ስለነበር ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ሽሮ የማንም ሃይማኖት አይደለምና ሁለቱ ከአንድ ትሪ እየተጎራረሱ በሉ።

ጋሽ ሰይድ እንደደረሱ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ኮፈኑን አስከፈቱና ሞተሩን ለአፍታ አስነሱ። ረጅሙን ካቻቢቴ አውጥተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ተከሉና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ እኔን ጠርተው «ነይ ትርንጎዬ፣ አንቺም ስሚ» አሉኝ። እጀታውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ያ ኩርኩርታ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ሐኪም ደረቴ ላይ የሚያደርገውን ነገር ገልብጠው ለእኔ የሰጡኝ መሰለኝ። ምን ትላለች ብለው ሲጠይቁኝ፣ እያቃሰተች ነው አልኳቸው። ሳቁና፣ ከአባትሽ አንቺ ትሻያለሽ፣ እሱ በቴፕ ነው የሚያክማት አሉ። አባዬ ሰምቶ እንዳልሰማ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ውሃውና ዘይቱ ወጡ፣ ራዲያተሩ ወረደ፣ ማራገቢያው ተፈታ፤ በመጨረሻ የሞተሩ የፊት ክዳን ሲነሳ ከውስጡ ሁለት ጥርሳም ጎማዎችና ሰንሰለቱ ብቅ አሉ። ጋሽ ሰይድ ምልክት ለምልክት ሳያጋጥሙ አንድ ነገር አይነኩም ነበር። ሞተሩን በትልቅ ቁልፍ ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ከላይኛው ጎማ ላይ ያለችው ነጥብ ከቦታዋ እስክትቆም አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ይፈታሉ። አባዬ ቁልፍ ሲያቀብል ሲሳሳት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አሥራ ሁለትንና አሥራ ሦስትን አልለየህም እያሉ ይነዘንዙታል። እሱም የጋሽ ሰይድ ዓይን ደክሞ እንጂ ቁጥሩ ትክክል ነው እያለ ይከራከራል። ሁለቱ እንዲህ ሲነታረኩ የዋሉበት ቀን በቤታችን ከነበሩት ቀኖች ሁሉ ደስ የሚል ነበር ብል አልዋሸሁም።

የወጣውን አሮጌ ካቴናና አዲሱን ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። አሮጌው በጣት ያህል ይበልጣል። ገርሞኝ፣ ጋሽ ሰይድ፣ ካቴና ያድጋል እንዴ ብዬ ጠየቅኩ። እንደ እኔና እንደ ወንድሜ በየዓመቱ በግድግዳ ላይ ምልክት እየተደረገለት የሚለካ መስሎኝ ነበር። እሳቸው አሮጌውን አንስተው መገጣጠሚያዎቹን እያሳዩኝ፣ አላደገም፣ ደከመ፣ እያንዳንዷ ቀለበት ትንሽ ትንሽ ተበልታ ነው የረዘመው አሉኝ። በልቤ አላመንኳቸውም። የደከመ ነገር ያጥራል እንጂ አይረዝምም፤ አያቴን አይቻለሁ።

አዲሱ ካቴና ከመገጠሙ በፊት ቀኑ መሸ፤ በማግሥቱም ኅዳር ጽዮን ነበር። አባዬ በበዓል እጁን ለሥራ እንደማያነሳ የታወቀ ነው። ለጋሽ ሰይድ ግን፣ አንተን አይመለከትህም፣ ገና እየደረሰ ነውና ቀጥል አላቸው። እሳቸው በማርያም ቀን በክርስቲያን ግቢ መዶሻ አላነሳም አሉ። አባዬ፣ የፈራኸው ሰውን ነው ማርያምን ብሎ ሲያሾፍባቸው፣ ሁለቱንም ብለው መልሰው አስቁት። የተከፈተውን ሞተር በንጹሕ አንሶላ ሸፈኑና፣ ማንም እንዳይነካው፣ ትቢያም እንዳይገባበት ብለው አስጠነቀቁ።

በማግሥቱ እናቴና አባዬ ወንድሜን ይዘው ቤተ ማርያም ሄዱ። ጋሽ ሰይድ ገበያው አጠገብ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። እኔ ግቢ ውስጥ የተሰጣውን ገብስ ከዶሮ እንድጠብቅ ቀረሁ። ዶሮዎቹን አንድ ሁለቴ ካባረርኩ በኋላ ሄጄ የአንሶላውን ጫፍ ገለጥኩ። ሞተሩ ሆዱ ተከፍቶ ዝም ብሎ ቆሟል። አሳዘነኝ።

እዚህ ላይ ያሰብኩትን ያን ጊዜ እንዳሰብኩት መናገር አለብኝ። በመስከረም ብርቱ ትኩሳት ይዞኝ ነበር። እናቴ ከቤተ ጎልጎታ ያመጣችውን እምነት፣ ያን ካህናት ለበሽተኛ የሚሰጡትን የተባረከ አፈር፣ በውሃ አርሳ ግንባሬንና ደረቴን ቀባችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ተነስቼ እንጀራ ጠየቅኩ። የተረፈው በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አባዬ ደግሞ ስለ መኪናዋ ሲያወራ ታመመች፣ ሕመሟ ከፍቷል ነው የሚለው። ጋሽ ሰይድ ጎበዝ ናቸው፤ ቢሆንም እስላም ናቸውና ይሄን መድኃኒት አያውቁትም፣ አባዬም ረስቶታል አልኩ። እኔ ብቻ አስታወስኩ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ቋጠሮውን አወረድኩ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ከላይ ዘይት የሚጨመርበትን ክዳን አዙሬ ከፈትኩና ያንን ቀላ ያለ ልም አፈር እስከ መጨረሻው አፈሰስኩት። ጨርቁን በቀዳዳው ላይ አራገፍኩት፣ እንዳይባክን። ክዳኑን መለስኩ፣ አንሶላውን እንደነበረ ሸፈንኩ፣ ጨርቁን ጠጠር ቋጥሬበት ምሰሶው ላይ ሰቀልኩ። ስመለስ ዶሮዎቹ ገብሱ ውስጥ ገብተው ነበር። በእሱ ተገረፍኩ፤ ስለ ሌላው ማንም አልጠየቀኝም።

በነጋታው ጋሽ ሰይድ አዲሱን ካቴና ገጠሙ፣ ክዳኑን መለሱ፣ ውሃና አዲስ ዘይት ሞሉ። አባዬ ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ያለ ምንም ኩርኩርታ ተነሳ። አባዬ ወርዶ የጋሽ ሰይድን ትከሻ ሳመ። እናቴ እልል አለች። እኔም ከሁሉም በላይ ኮራሁ፤ ያዳናት ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነበርኩና። ጋሽ ሰይድ፣ ብረቱ ጥሩ ነው ብለው አሮጌውን ካቴና ከዕቃቸው ጋር ይዘው ወልድያ ገቡ። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር በኋላ ምን ያህል እንደምትከብድ ማን ያውቃል።

ታኅሣሥ እስኪጋመስ መኪናዋ ሠራች። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ከኩልመስክ ለገና የሚመጡ አሮጊቶችን ጭና ስትመለስ፣ ያ ድምፅ ከበፊቱ ብሶ መጣ፤ አባዬ ጥግ ሳያስይዛት ከውስጧ አንድ ነገር ጮኸና ቀጥ አለች። ካቴናው ከጥርሱ ዘሎ ሞተሩ የሚተነፍስባቸውን ቫልቮላዎች አጣሟቸው ነበር። አሮጊቶቹ የቀረውን መንገድ በምርኩዝ ሄዱት። መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ ግቢያችን ገባች፤ ገናም መጥቶ ሄደ። አባዬ በየቀኑ መንገድ ዳር ቆሞ የሌሎች መኪና ሰው ሲያራግፍ ያይ ነበር። እናቴ የጥጥ ጋቢዋን ሸጠች።

የሰፈራችን አንድ ሾፌር መጥቶ ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ አዲስ ካቴና በወሩ አይዘልም፣ አሮጌውን አጥቦ ነው የመለሰልህ አለ። አባዬ መጀመሪያ ተቆጣው። ሾፌሩ ግን፣ ታዲያ አሮጌው የት አለ ብሎ ጠየቀው። አባዬ ጆንያውን ገልብጦ፣ ግቢውን ጥግ ጥጉን ፈልጎ አጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጥያቄ ቤታችን ውስጥ ተቀመጠ። እኔ በበኩሌ ሌላ ነገር ይዞኝ ነበር። እምነቱን ሳላስፈቅድ ስለወሰድኩት ቅዱስ ላሊበላ ተቆጥቶ ነው ብዬ በየማታው ሰግጄ ይቅር በለኝ እል ነበር። አፈሩ ራሱ ሞተር ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በፍጹም አልመጣልኝም።

ጋሽ ሰይድ በተላከባቸው ሰው በኩል የሚባለውን ሰምተው በጥር መጀመሪያ መጡ። አባዬ እጁን ዘረጋላቸው እንጂ አልሳማቸውም። ሽማግሌ ጠርቻለሁ፣ ከሰዓት ይመጣሉ፣ እስከዚያ የምታየውን እይ ብሏቸው ወደ ቤት ገባ። ብቻቸውን ከመኪናዋ ሥር ተኙና ሞተሩን ከታች ከፈቱ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ዘይቱ ሲወርድ ያ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጋሽ ሰይድ ከታችኛው የዘይት መያዣ ግርጌ የተኛውን ነገር በጣታቸው ዛቁ፣ ዘይቱን በቤንዚን አጠቡለት፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው አሹት። ቀላ ያለ አፈር ነበር። ካቴናውን የሚወጥረው ክፍል ዘይት የሚደርሰው በመርፌ ቀዳዳ በምታክል መንገድ ነው፤ ያቺን መንገድ ደፍኗታል። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው። እሳቸው ግን ያን ሰዓት አወቁት።

«ትርንጎ፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። መዳፋቸውን ወደ እኔ አቀረቡ። «ይሄን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አልኩ።

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው በክፍቱ በር በኩል ምሰሶውንና የተንጠለጠለውን ነጭ ቋጠሮ አዩ። የወሎ ሰው እምነትን አይቶ የማያውቅ፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ የለም። አልተቆጡኝም። አፈሩን መሬት ላይም አልጣሉትም፤ ጨርቅ ላይም አልጠረጉትም። ተነስተው ወደ አጥሩ ሄዱና ሰው ከማይረግጠው ከወይራው ሥር ጎንበስ ብለው አስቀመጡት፣ ድንጋይም ደረቡበት። ያኔ እንዳወቁ አወቅኩ። ተመልሰው እጃቸውን ሲታጠቡ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ።

ሽማግሎቹ ሁለት ነበሩ፤ የነፍስ አባታችን መምሬ ታደለና ገበያው ላይ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ሁሴን። ግቢያችን ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔ የእጅ ውሃ ይዤ ቆምኩ። አባዬ ተነስቶ ጉዳዩን ከሥሩ ጀመረ። ገና እንዳለፈው ተናገረ፣ አሮጊቶቹ በእግራቸው እንደሄዱ ተናገረ፣ አሮጌው ካቴና ግቢው ውስጥ እንደሌለ ተናገረ። እንደ ወንድሜ ያየሁት ሰው ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን አይቆጨኝም ነበር አለ። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ተራቸው ሲደርስ፣ ካቴናው አዲስ ነበር፣ አሮጌውን ለብረቱ ብዬ ወሰድኩት፣ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም አሉ።

መምሬ ታደለ ወደ ሐጂ ሁሴን ዞር ብለው ተንሾካሾኩና፣ ተስማምተው ፍርዱን ተናገሩ።

«ሰይድ፣ እኛ የሞተር ሰው አይደለንም፤ የምናውቀው መሐላ ነው። አዲስ ካቴና ነው የገጠምኩት፣ የተበላሸበትን ምክንያትም አላውቅም ብለህ በሃይማኖትህ ማል። ወንድምህ በላይም ይቀበልሃል፣ እንደ ጥንታችሁ ትሆናላችሁ።»

አባዬ ወዲያው፣ ከማለ ተቀብያለሁ አለ። አሁን ሳስበው አባዬ በዚያች ደቂቃ የሚለምን ሰው ፊት ነበረው። እንዲምሉለት ፈልጎ ነበር። ጓደኛዬን መልሱልኝ ማለቱ ነበር።

«አዲስ ለመሆኑ እምላለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«የቀረውስ?» አሉ ሐጂ ሁሴን።

«የቀረውን አልምልም።»

ሐጂ ሁሴን ጥያቄውን ደገሙ፤ መልሱ ያው ነበር። እንግዲህ መሐላ የሚፈራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። እሳቸው ግን የፈሩት በውሸት መማልን ነው፤ ምክንያቱን ያውቁት ነበርና። እውነቱን ቢናገሩ ደግሞ ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። አንድ እስላም በክርስቲያን ግቢ፣ ቄስ ተቀምጦ፣ ሞተሩን ያበላሸው የጎልጎታ አፈር ነው ሲል እንዴት እንደሚሰማም ያውቁታል። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላዩም። ሰው ዓይናቸውን ተከትሎ እንዳያገኘኝ ነው።

እኔ የውሃውን ጣሳ ይዤ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ዱላውን ፈርቼ አልነበረም፤ በዶሮዎቹ ጊዜ ተገርፌ አልሞትኩም። እምነት መኪና አበላሸ ብዬ ብናገር ከኃጢአት ሁሉ የከፋ ኃጢአት መሰለኝ፤ መምሬ ታደለ ፊት፣ እናቴ ፊት። ልጅ ነበርኩ። ይሄን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አልቆጥረውም፣ አንድ ጊዜም አልበቃኝም።

ሽማግሎቹ ጋሽ ሰይድ በራሳቸው ኪሳራ ይጠግኑ ብለው ፈረዱ። እሳቸው እሺ አሉ። አባዬ ግን ተነስቶ፣ እጁ መኪናዬን ድጋሚ አይነካትም፣ ደጄንም አይርገጥ አለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ጋሽ ሰይድ ቁልፎቻቸውን አንድ በአንድ እየጠረጉ ወደ ሳጥናቸው መለሱ። ወደ በሩ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ከአጥሩ ውጭ ቆም ብለው ሳጥናቸውን አስቀመጡ።

«ደግ አስበሽ ነው ያደረግሽው፤ አውቃለሁ» አሉኝ። «አሁን አትናገሪ፣ ይመቱሻል። ስታድጊ ግን ለአባትሽ ንገሪው። ሰይድ አልዋሸህም በይው።»

እሺ አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝና ወደ መናኸሪያው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙም አይወራም። አባዬ መኪናዋን ብረት በብረት እየፈታ ሸጠና አንድ ሆቴል በር ላይ ዘበኛ ሆነ። የላሊበላ ሾፌሮች ጋሽ ሰይድ ጋ መውረድ ተዉ፤ መሐላ የፈራው መካኒክ የሚል ስም ወጣላቸው። እኔም አደግኩ። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ፣ ገና አላደግኩም አልኩ። አሥረኛ ክፍል ስደርስ አባዬ የደም ግፊት አለበት ተባለና እሱን ምክንያት አደረግኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጋሽ ሰይድ መሞታቸው በስልክ ተነገረን። እናቴ አለቀሰች። አባዬ ለሥራ እንደለበሰ ደጅ ላይ ተቀምጦ ቆየና፣ ነፍሱን ይማር ብሎ ወደ ዘበኝነቱ ሄደ። ወልድያ አልወረደም። እኔም ያን ቀን እንኳ አልተናገርኩም፤ ከሞቱ በኋላ ምን ይጠቅማል አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

በጥቅምት ከደሴው ጋራዥ ስወጣ ወደ ቤቴ አልተመለስኩም። ላሊበላ ደረስኩ። አባዬ አሁን ጡረተኛ ነው፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እናቴ ገበያ ነበረች። አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ወንበሩን፣ ቋጠሮውን፣ ክዳኑን፣ የወይራውን ሥር። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አልምልም ባለ ጊዜ ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር፣ አባዬ።»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። በነጋታው ማለዳ ስነሳ ለብሶ፣ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ፣ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ ነበር። ወልድያ ውሰጂኝ አለኝ።

የጋሽ ሰይድን ቤት ጠይቀን አገኘነው። አባዬ ከመኪናው ወረደና፣ በሩ ሳይከፈትለት፣ ከአጥሩ ውጭ እንደቆመ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን እየደቃ ጮኾ አለቀሰ። አስከሬን ገና ከቤት እንዳልወጣ ያህል ነበር ለቅሶው። እኔ ቁልፉን ይዤ ከኋላው ቆሜ፣ እንባ እንኳ አልወጣልኝም። ጎረቤቱ ከየቤቱ እየሮጠ ወጣ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ክንዴን ያዘችና ደንግጣ «ማን ሞቶ ነው እህቴ?» አለችኝ።

«ጋሽ ሰይድ» አልኳት።